ክዳኑን ከመፍታታችሁ በፊት
የሬዲዮ ጥገና ሙያ ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ፒያሳ ባለች ጠባብ ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ስጠግን ነው ያረጀሁት። በወጣትነቴ ረባሽ ድምፅ የሚያሰማ ሬዲዮ በመጣልኝ ቁጥር ጥያቄ ሳልጠይቅ የብየዳ ካውያ አግዬ ክዳኑን እፈታ ነበር፤ ይህን ልማድ የተውኩት ዘግይቼ፣ አፍሬም ነው።

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት በመካከለኛ ሞገድ፣ በ873 ኪሎኸርዝ የሚከታተሉት ዜና ጥዝዝ በሚል ድምፅ እየተዋጠ እንዳስቸገራቸው ነገሩኝ። ካፓሲተሮቹን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ክፍሎች ቀየርኩ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያውን አጸዳሁ፣ ሱቄ ውስጥ ጥርት ብሎ ሲናገር ሰምቼም ሂሳቤን ተቀበልኩ። በማግስቱ ተመለሱ፤ ቤታቸው ሲገባ ያው ነው። ሄጄ ባይ ከጠረጴዛው ሥር ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሶኬት ላይ ተሰክቷል፤ ስነቅለው ዜናው ጠራ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው።

እንዲህ ያለው ቻርጀር 220 ቮልቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ስለሆነ፣ ማጣሪያው ከተጓደለ የዚያ ድግግሞሽ ብዜቶች መካከለኛ ሞገድ ላይ ያርፋሉ፤ የቤቱ ሽቦም እንደ አንቴና ሆኖ ያሰራጫቸዋል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ የሬዲዮውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀንሱት። ረባሹ ድምፅ እንዳለ ከቀረ ሕመሙ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በኋላ ባለው የሬዲዮው ክፍል፣ ብዙውን ጊዜም የኃይል ማጣሪያው ካፓሲተር ላይ ነው። አብሮ ከጠፋ ግን ከውጭ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ እያሠራችሁ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፉት። ዝም ካለ ምንጩ እዚያው ቤት ነውና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መልሳችሁ አብሩ።

ካልጠፋ ሬዲዮውን በዝግታ አዙሩት። መካከለኛ ሞገድን የሚቀበለው ውስጡ ያለው፣ ፌራይት ከሚባል ሸክላ መሰል መግነጢሳዊ ቁስ የተሠራው ጥቁር ዘንግ በመሆኑ፣ ረባሹ ድምፅ እጅግ ሲደክም የዘንጉ ጫፍ ወደ ምንጩ እያመለከተ ነው፤ ከሁለቱ ጫፎች የትኛው እንደሆነ ግን ቦታ ቀይራችሁ ካልሞከራችሁ አይታወቅም። በፒያሳ አሮጌ ሕንፃዎች ጫፉ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው። የሰው በር አንኳኩቶ «ቻርጀርዎን ይንቀሉልኝ» ማለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከብየዳው ይከብዳል።

ለእኚያ እናት የቻርጀሩን ገመድ በፌራይት ቀለበት ውስጥ ደጋግሜ ጠመጠምኩላቸው፤ ሬዲዮውንም ከሶኬቱ አርቀን መስኮቱ ዳር አስቀመጥነው።