ቤተ ሙከራ ለሌላቸው የኬሚስትሪ ክፍሎች፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በደቡብ ጎንደር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በአንድ ክፍል 60 ያህል ተማሪዎች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ቢኖረንም ሊትመስ ወረቀትም (አሲድና ቤዝን በቀለም የሚለይ ወረቀት) ሆነ ቢዩሬት (ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ እየለካ የሚያወርድ የመስታወት ቱቦ) የለውም። ቲትሬሽንን፣ ማለትም አሲድና ቤዝ ጠብታ በጠብታ እየተጨመሩ የሚለኩበትን ዘዴ፣ በሰሌዳ ላይ ከመሳል ውጭ እንዴት ላስተምር?

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ለቲትሬሽን የሚያስፈልጉት መጠኑ የተለካ ቤዝ፣ ጠብታ በጠብታ የሚጨመር አሲድ እና ማብቂያውን በቀለም የሚያሳይ አመልካች ናቸው፤ ሦስቱም በገበያና በምድጃ ይገኛሉ። አመልካቹ እርድ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት በግማሽ የሻይ ብርጭቆ የሕክምና አልኮል በጥብጠው፣ ሲዘቅጥ ላይ ላዩን በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት፤ አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በአቅራቢያው ሻማም ሆነ ከሰል አይኑር። ቤዙ የእንጨት አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ የተጠለለው ውሃ ሲሆን፣ ቤዝ የሚያደርገው በውስጡ የሟሟው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። የአመድ ውሃ ብርታት እንደ እንጨቱና እንደ ውሃው መጠን ስለሚለያይ ሁሉም ቡድን ከአንድ ጀሪካን ይቅዳ፤ ዓይን ስለሚያቃጥልም ፊታቸውን እንዳይነኩና ሲጨርሱ እጃቸውን እንዲታጠቡ አስቀድመው ይንገሯቸው።

እያንዳንዱ ቡድን በነጭ ስኒ 10 ሚሊ ሊትር የአመድ ውሃ ለክቶ ጥቂት ጠብታ የእርዱን ፈሳሽ ሲጨምርበት ቢጫው ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ከዚያም መርፌው በተነቀለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የተጠለለ የሎሚ ጭማቂ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ያማስላሉ። ቅላቱ ጠብታው ባረፈበት ቦታ ይጠፋና ሲማሰል ይመለሳል፤ እየቆየ መመለሱ ይዘገያል፤ በመጨረሻም ፈሳሹ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ለውጡ የቤተ ሙከራ አመልካች እንደሆነው ፊኖልፍታሌይን ቁርጥ ያለ ስላልሆነ፣ ሎሚ የበዛበት ቢጫ ስኒ ለማነጻጸሪያ በጎን ይቀመጥ። ከአንድ ቀን በፊት ራስዎ ሞክረው፣ የአመዱ ውሃ ከ2 ሚሊ ሊትር ብዙ የሚበልጥ ጭማቂ የሚፈጅ ከሆነ በውሃ ያቅጥኑት።

ዋናው ትምህርት ያለው ግን በሁለተኛው ዙር ነው። ያንኑ ጭማቂ በእኩል መጠን ውሃ ያቅጥኑና፣ ሲሪንጁን ከማንሳታቸው በፊት አሁን ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚፈጅ እያንዳንዱ ተማሪ ከነምክንያቱ በደብተሩ ይጻፍ። ግምት ሳይጻፍ የተሠራ ሙከራ ትርኢት ሆኖ ያልፋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። «ስለቀጠነ ያንሳል» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ በእጁ እጥፍ ያህል ሲጨምር የክምችትንና የመጠንን ዝምድና ከስሌቱ ቀድሞ ያገኘዋል። በመጀመሪያው ዙር 2 ሚሊ ሊትር ፈጅቶ የሁለተኛው ውጤት 4 መሆን ሲገባው 3.4 ቢሆንም ቁጥሩን አያስተካክሉላቸው፤ የሲሪንጁ ንባብ ነው ወይስ ቢጫውን የወሰነው ዓይን የሚለው ክርክር ራሱ የሳይንስ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እርድ በውሃም በሎሚም ቢጫ ሆኖ ስለሚቀር «ሎሚ አሲድ አይደለም» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ከማረም ይልቅ በእርድ ብቻ ሎሚን ከውሃ የሚለይበትን መንገድ ይጠይቁት፤ በአመድ ውሃ አስቀድሞ የቀላውን እርድ ተጠቅሞ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። 60 ተማሪዎች በአምስት በአምስት ሲመደቡ 12 ቡድን ይሆናሉ፤ ለኪው፣ አማሳዩና ጸሐፊው በየዙሩ ይለዋወጡ፤ አለበለዚያ ሴት ተማሪዎች መዝጋቢ ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ ስለሆነ የተግባር ሙከራ ጊዜ ማባከን አይሆንብኝም?

መልስ፦ አይሆንብህም። እኩል ክብደት ያላቸው የተፈጨና ያልተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በሁለት ጠርሙስ ከተው፤ በሁለቱም እኩልና በቂ አቼቶ ጨምረህ አፋቸውን በፊኛ ግጠም። የተፈጨው ፊኛውን ፈጥኖ ይነፋዋል፤ ቅርፊቱ ሁሉ እስኪያልቅ ከጠበቅህ ግን የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን አንድ ዓይነት ነው። ስለ አጸግብሮት (የኬሚካል ለውጥ) ፍጥነት በሚጠየቅ ግራፍ ላይ ሁለት መስመሮች በተለያየ ፍጥነት ወጥተው በአንድ ከፍታ የሚቆሙት ለምን እንደሆነ ይህን ያየ ተማሪ አይምታታበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ ለሳይንስ ሙከራ በረኪናና አቼቶ ከቤት እንዲያመጣ ታዝዟል። ልላክለት?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱን አብረው አይላኩ። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ዓይንንና ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። አሞኒያ ካለበት የጽዳት ፈሳሽ ጋር መደባለቁም እንዲሁ አደገኛ ነው። ለቤዝ ማሳያነት የታሰበ ከሆነም በረኪና የአመልካቹን ቀለም ስለሚያጠፋው ሙከራውን ያበላሻል፤ የሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ይበልጣል። ይህንኑ ለመምህሩ ነገ ጠዋት በአካል ይንገሩት፤ ሌሎች ልጆችም ሳያመጡት አይቀሩም። ድንገት ተቀላቅሎ ሽታው ከተሰማ ማንም ሊያጸዳው አይሞክር፤ ተማሪዎቹ ወዲያው ከክፍሉ ወጥተው ንጹሕ አየር ያግኙ፤ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበትም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።