ስለ ኦስፕሬይ የጦር ታሪክ መጻሕፍት ጠይቁኝ (ቁጥር 1 የመጀመሪያው አይደለም)

አሮጌው ሰብሳቢ፦ በእንግሊዝ አገር የሚታተሙትን የኦስፕሬይን ባለ ሥዕል የጦር ታሪክ መጻሕፍት፣ በተለይም «ሜን አት አርምስ» የተባለውን ተከታታይ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ስሰበስብ ኖሬአለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈት ነኝና ጠይቁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የታተመበትን ቅደም ተከተል አያሳይም።

ሰናድር፦ ጋሼ፣ ድርጅቱ ከሻይ ተወለደ ሲባል ሰምቻለሁ። ቀልድ ነው?

አሮጌው ሰብሳቢ፦ ቀልድ አይደለም። ብሩክ ቦንድ የተባለው የሻይ ኩባንያ በየፓኬቱ ውስጥ ልጆች የሚሰበስቧቸው ትናንሽ ባለ ሥዕል ካርዶች ይከት ነበር። ኦስፕሬይም የተቋቋመው በኩባንያው ማተሚያ ቤት ሥር ነው። ዲክ ዋርድ የተባለ ሠዓሊ የጦር አውሮፕላን ካርዶችን ይሥል ነበርና ሐሳቡ ወደ መጽሐፍ ቢያድግስ የሚል ጥያቄ አነሣ። በ1969 ስለ ሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን የሚናገረው የመጀመሪያው መጽሐፍ ወጣ። የእግረኛውና የፈረሰኛው ተራ በ1971 «ሜን አት አርምስ» ሲጀመር ደረሰ። እኔን ከጠየቃችሁኝ መጽሐፉ የሻይ ካርዱን ጠባይ እስከ ዛሬ አልተወም፦ ጽሑፉ አጭር፣ ሥዕሉ ጥርት ያለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱን የያዘ ሌላውን ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም።

ብርሃኑ ዘፒያሳ፦ በጣም ውዱ የትኛው ነው?

አሮጌው ሰብሳቢ፦ የዋጋ ጥያቄ አልመልስም።

የቀለም ልጅ፦ እኔ ቁጥር 1 አለኝ። የ1971 እትም መሆኑ ነው አይደል?

አሮጌው ሰብሳቢ፦ ከላይ የጻፍኩትን አላነበብክም ልጄ። ቁጥር 1 በአሜሪካ አብዮት ጊዜ ለእንግሊዝ ንጉሥ ወግነው ስለተዋጉ አሜሪካውያን የሚናገረው መጽሐፍ ነው፤ የወጣውም በ1973 ነው። በ1971 የወጡት፣ ለምሳሌ ስለ ናፖሊዮን ክብር ዘበኛ እግረኞችና ስለ ስኮትላንዱ ብላክ ዎች ክፍለ ጦር የተጻፉት፣ ያለ ቁጥር ነበር የታተሙት። ቁጥሩ በኋላ የተለጠፈ ነው። የርዕሱን ገጽ ገልብጥና ከጀርባው ያለውን ዓመት ተመልከት።

እመቤት፦ በድሮዎቹ እትሞች የቀለም ሥዕሎቹ መሐል ላይ ተጠራቅመው በቁጥር ፈንታ በፊደል የሚጠሩት ለምንድን ነው?

አሮጌው ሰብሳቢ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! የቀለም ኅትመት ውድ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉና ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎቹ ለብቻ ይታተማሉ፤ ስምንቱ የቀለም ገጾች ደግሞ ለብቻ ታትመው መሐል ላይ ይገባሉ። አርባው ገጽና ስምንቱ ሲደመሩ አርባ ስምንት ይሆናሉ፤ የተለመደው ልክ ይህ ነው። የቀለሙ ክፍል ከሌላው ገጽ ጋር ስላልተቆጠረ ከኤ እስከ ኤች በፊደል ተጠራ። ዛሬ ቀለም በየገጹ እንደ ልብ ነው፤ ፊደሉ ግን እንደ ውርስ ቀረ። አሁን የምነግራችሁን ያዙ፦ የመጽሐፉ ነፍስ ያለችው በሥዕሉ ውስጥ አይደለም፤ ከበስተኋላ ባለው የሥዕሎች ማብራሪያ ውስጥ ነው። ቀበቶው ከምን ተወሰደ፣ ቆቡን ማን ለበሰው፣ ደራሲው ለሠዓሊው ምን ማስረጃ ሰጠው የሚለው እዚያ ነው ያለው። ሥዕሉን ብቻ አይቶ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ካርድ እንጂ መጽሐፍ አልገዛም።

ሰናድር፦ ስለ እኛስ የተጻፈ አለ?

አሮጌው ሰብሳቢ፦ ሁለቱን ልጥቀስ። የ1935ቱን የጣሊያን ወረራ የሚመለከተው ቁጥር 309 ሲሆን በ1997 ወጣ፤ ደራሲው ዴቪድ ኒኮል ነው። የዓድዋ ዘመቻን ሠራዊቶች የሚመለከተው ቁጥር 471 ነው፤ ሾን ማክላክላን ጻፈው፣ በ2011 ወጣ። የሁለቱም ሠዓሊ ራፋኤሌ ሩጄሪ ነው። ልብ በሉ፣ የዓድዋው ከማይጨው በአሥራ አራት ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው።

ታዛቢ፦ በእነዚህ መጻሕፍት ወታደር ሁሉ ከልብስ ሰፊ ቤት አሁን የወጣ ይመስላል። ወራት የተጓዘ ዘማች እንዲህ የነጣ ሸማ ከየት ያመጣል?

እመቤት፦ የእኛ የዓድዋ ሥዕልስ? ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ፣ የእኛ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ ጠላት በጎን ተስሎ በአንድ ዓይኑ። እዚያስ ማን አቧራ አየ?

ታዛቢ፦ የእኛ ሠዓሊ ግን ስለ ልብሱ አዝራር ማስረጃ አለኝ አላለም።

ሰናድር፦ ሸማውን ተዉትና ጠመንጃውን ተመልከቱ። ውጅግራ የያዘ ሰው ተስሎ እንደሆነ ነው እኔ የምፈልገው።

ብርሃኑ ዘፒያሳ፦ ውጅግራ የጣሊያን ነው።

ሰናድር፦ የፈረንሳይ ነው እንጂ! «ፉዚል ግራ» የሚለው ስም በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ።

አሮጌው ሰብሳቢ፦ ሰናድር ልክ ነው። ጣሊያኖቹ ዓድዋ ላይ የያዙት ቬተርሊ ነበር። የሸማው ክርክር ግን አንድ ነገር ዘነጋ። የዘመኑ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ሠዓሊው ቀለሙን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። የኤርትራ አስካሪ፣ ማለትም በጣሊያን ሥር ያገለገለ ወታደር፣ ሻለቃው የሚታወቀው በመቀነቱና በቆቡ ላይ በሚንጠለጠለው ዘርፍ ቀለም ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተ ሠዓሊ ሰውየውን ከሻለቃው አፈናቅሎ ወደ ሌላ ሻለቃ አዛወረው ማለት ነው። የሸማው ንጣት ይቅርታ ይገባዋል፤ የመቀነቱ ቀለም ግን አይገባውም።

ብርሃኑ ዘፒያሳ፦ ከሠዓሊዎቹ ማንን ይመርጣሉ?

አሮጌው ሰብሳቢ፦ አንገስ ማክብራይድን። ለንደን ተወልዶ ኬፕ ታውን የኖረ፣ በ2007 ያረፈ ሰው ነው። በ1976 የወጣውን የዙሉ ጦርነት መጽሐፍ ራሱ ጽፎ ራሱ ሣለው። የሌሎቹ ሰዎች ፎቶግራፍ ለመነሣት ቆመው የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ የእሱ ሰዎች ግን አንድ ነገር አሁን ሰምተው ዘወር ያሉ ናቸው። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

እመቤት፦ ድርጅቱ አሁን የማን ነው?

አሮጌው ሰብሳቢ፦ ብሉምስበሪ የተባለው አሳታሚ ድርጅት፣ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ። በመሐል ባለቤት ተፈራርቆበታል፤ የገበያ ወሬ ስለሆነ አያጓጓኝም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ቁጥር 8 ከቁጥር 40 በፊት ነው የታተመው?

አሮጌው ሰብሳቢ፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው! ቁጥሩ ዓመቱን አይናገርም። ዳግመኛ ሲታተም ደግሞ ርዕሱ ሳይለወጥ ሥዕሎቹ በሙሉ የተቀየሩ አሉና የርዕሱን ገጽ ጀርባ ያላነበበ ሰው ምን እንደገዛ አያውቅም።

የቀለም ልጅ፦ ጋሼ፣ ገልብጬ አየሁት። 1973 ይላል።

አሮጌው ሰብሳቢ፦ አየህ? አሁን ከሥሩ ዳግመኛ ስለ መታተሙ የሚናገር መስመር ካለ እሱንም አንብብልኝ።