«የንግድ ምስጢር ነው» ካሉህ

ጥያቄህን አነበብኩት ወንድሜ። መንግሥት ለአንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ድርጅት ገንዘብ ሰጥቷል፤ ስንት እንደሆነ ስትጠይቅ «የንግድ ምስጢር ነው» ብለው መለሱህ። እኔንም አንድ መሥሪያ ቤት ይችኑ ብሎኛል፣ ቃል በቃል።

የኔ ስህተት አጠያየቄ ላይ ነበር። «ስለ ዝግጅቱ ያለውን መረጃ በሙሉ» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ሲባል የአዘጋጁ የትርፍ ስሌት፣ ለዘፋኞች የሚከፍለው፣ ከስፖንሰሮች ጋር ያለው ድርድር ሁሉ አብሮ ይጠቀለላል። ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ከመንግሥት ካዝና የወጣው ግን የሁላችንም ገንዘብ ነው። በሁለተኛው ደብዳቤ አጠበብኩት፦ ስንት ተከፈለ፣ ከየትኛው በጀት፣ መቼ፣ ማን ፈቀደ፣ አዘጋጁ በምላሹ ምን ግዴታ ገባ።

የውሉ ኮፒ መጣ። አራተኛው ገጽ ላይ ቁጥሩ በጥቁር ተሸፍኗል። በጣም ተናደድኩ። ደግነቱ ክፍያው የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤም አብሬ ጠይቄ ነበር። እዚያ ላይ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል! ስለዚህ ውሉን ብቻ ብለህ እንዳታቆም። ቃለ ጉባኤውን፣ የክፍያ ሰነዱን፣ የኦዲት ሪፖርቱንም ጨምርበት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው በዓይነት የሚሰጠውን ነው። በነፃ የተፈቀደ አዳራሽ፣ የፖሊስ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የተነሳ ቀረጥ። «ለዝግጅቱ ገንዘብ አልሰጠንም» ቢሉህ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን በስሙ ጠርተህ ጠይቅ።

እምቢ ካሉ ምክንያቱን ከነአንቀጹ በጽሑፍ ይስጡህ። ይግባኝ የምትለው በሱ ነው፤ ቀነ ገደቡም እንዳያልፍብህ። የንግድ ምስጢር የማይነካ አጥር አይደለም። ለምሳሌ የእንግሊዝ የመረጃ ነፃነት ሕግ በ43ኛው አንቀጽ የንግድ ጥቅምን ይጠብቃል፤ የሕዝብ ጥቅም ካመዘነ ግን መረጃው ይወጣል። የለንደን ኦሊምፒክ ስታዲየም ለዌስትሃም ሲከራይ የውሉ ዋና ዋና ነገር ተሸፍኖ ነበር። የሌሎች ክለቦች ደጋፊዎች ጭምር ተሟገቱ። የዚህን ሕግ አፈጻጸም የሚከታተለው የመረጃ ኮሚሽነር ይገለጥ አለ፣ የስታዲየሙ ባለቤት ይግባኝ ጠይቆ ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2016 ውሉ ሲወጣ ኪራዩ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ዘመኑም 99 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ይህን ማወቅ ግብር ከፋዩ የሚገባው ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤህ ካለህ ላክልኝ። የቱ ጋ እንደሰፋ አብረን እናየዋለን።