ካሜራው ሲለግስ፦ ከጅማና ከአካባቢዋ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ፎቶ አንሺነትን ከእምነትና ከልግስና ጋር አብረው ለማስኬድ የሚጥሩ አንባቢዎች ከላኩልን ደብዳቤዎች የሚቀራረቡትን አሰባስበናል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ (ከመንደራ ቆጪ)፦ የሠርግና የጥምቀት ፎቶ አነሳለሁ። እግዚአብሔር በሙያዬ ስለባረከኝ የሰፈራችንን አረጋውያን በነፃ አንስቼ፣ ፎቶውን አሳጥቤ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። አብዛኞቹ ለመታወቂያ ከተነሱት ጉርድ ፎቶ ሌላ ምስል የላቸውም። እንዴት ልጀምር?

መልስ፦ ሐሳብዎ በጣም ደስ ይላል። በቅድሚያ ፈቃድ ይያዙ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን፣ የመስጂድ ግቢ ከሆነ ኮሚቴውን ያነጋግሩ፤ ቀኑን እነሱ ይምረጡልዎት።

ከዚያ ጥላ ይፈልጉ። ጅማ ላይ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ግቢው ትልልቅ ዛፍ ስለማያጣ ወንበሩ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። በቅጠል አልፎ የሚመጣው ብርሃን ግን አረንጓዴ ነው፤ ነጩን ነጠላ ያበላሸዋል፣ ፊትንም የታመመ ያስመስለዋል። ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ከዚህም ይብሳል፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ከጎን ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ስለሚገባ አንዱን ቀለም ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። የሚሻለው በረንዳ ነው። ተነሺው ከጥላው ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ወደ ክፍቱ ሰማይ ያዙር። ከጀርባው 2 በ3 ሜትር የሆነ፣ ጥቁር ግራጫ የተቀለመ አቡጀዲ ይስቀሉ። በሰውና በጨርቅ መካከል 1.5 ሜትር ከተዉ የጨርቁ መጨማደድ አይታይም። ከእግራቸው ፊት ነጭ አንሶላ ያንጥፉ፤ ወደ ላይ የሚመልሰው ብርሃን በአረጋውያን ዓይን ዙሪያ የሚያርፈውን ጥላ ያቀልለዋል።

ፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን ተቀባይ ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ) ካለዎት 85 ሚሊ ሜትር፣ አነስተኛ ሴንሰር ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል፤ ርቀቱ 2 ሜትር፣ የካሜራው ከፍታ በዓይናቸው ልክ ይሁን። ከአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ከኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 4 እና ከ1/200 ሰከንድ ይጀምሩና እንደ ብርሃኑ ያስተካክሉ። በአውቶማቲክ አያንሱ። ካሜራው ሰፊውን ነጭ ነጠላ አይቶ ሁሉንም ያጨልማል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። በማንዋል (ቅንብሩን ራስዎ በሚወስኑበት)፣ የነጠላው ጥለትና ሽመና ሳይጠፋ እስከሚቻለው ድረስ ያብሩ፤ የቀረውን የፊት ጨለማ ከሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀናብር ካስቀመጠው ምስል) ላይ በግማሽ ወይም በአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ማንሳት አያስቸግርም።

ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ በፎቶ ያምራል፤ ነገር ግን ዝቅ ስለሚል ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች መቀመጡም መነሳቱም ይከብዳል፣ ጀርባም ያጎብጣል። መደገፊያ ያለው ወንበር ይያዙ፤ በርጩማውን ለጠየቀ ብቻ።

መዝገብ ሳይዙ አንድም ሰው አያንሱ። ለእያንዳንዱ ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይስጡና የመጀመሪያውን ፎቶ ወረቀቱን ይዘው ያንሷቸው። በደብተር ላይ ቁጥሩን፣ ስማቸውን፣ ቤታቸው የት አካባቢ እንደሆነ፣ ስልክ ከሌላቸው ደግሞ የቅርብ ሰው ስልክ ይጻፉ። 20 ሰው ካነሱ በኋላ ነጠላ የለበሱ ሁለት እናቶችን በትዝታ እለያለሁ ማለት አያዋጣም፤ የአንዷ ፎቶ ለሌላዋ ቢሰጥ የሚያሳዝነው ሁለቱንም ነው።

ሲያሳጥቡ መጠኑን ያስተውሉ። የካሜራዎ ምስል ብዙውን ጊዜ 3 ለ2 ስለሆነ በ10 በ15 ወረቀት ላይ ልክ ይገባል። በ13 በ18 ሲታተም ግን ከቁመቱ በድምሩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል፤ ቅርብ ብለው አንስተው ከሆነ የሚሄደው ጥምጣሙ ወይም ሻሹ ነው። ስለዚህ ከራስ በላይ ቦታ ይተዉ። ፍሬም የሚያስገቡት ከሆነ ፎቶው መስታወቱን መንካት የለበትም። የጅማ እርጥበት የፎቶውን ገጽ ከመስታወቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሳይላጥ አይለቅም። በመካከላቸው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን በመስኮት ቅርጽ ቆርጠው ያስገቡ። ኢንክጄት ህትመት ከሆነ ፍሬም ከመግባቱ በፊት 24 ሰዓት ይድረቅ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥብናል። ፎቶውን እያነሱ «ለኤግዚቢሽን ልጠቀምበት» ብለው አይጠይቁ። ስጦታ ሊቀበል የተቀመጠ ሰው እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። አስቀድመው ፎቶውን በተናገሩበት ቀን ቤታቸው ያድርሱ። በእጃቸው ከገባ በኋላ፣ «እማማ፣ ይቺን ፎቶ ሌላ ሰው ቢያያት ቅር ይልዎታል?» ብለው ይጠይቁ። ቅር ካላቸው እዚያው ያብቃ፤ ስጦታውም አይጎድል።

ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ላይ፦ ከአጋሮ የጻፉልን ፎቶ ቤት ያላቸው ሙስሊም አንባቢ «ለካሜራዬና ለሌንሶቼ ዘካ አወጣለሁ?» ይላሉ። ከቦሳ ቂቶ ደግሞ «አሥራት የማወጣው ደንበኛ ከከፈለኝ ከጠቅላላው ነው ወይስ ወጪ ቀንሼ?» የሚል ደርሶናል።

መልስ፦ ለአጋሮው ጠያቂያችን፦ ካሜራ፣ ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሥራ መሣሪያ ስለሆኑ ዘካ የለባቸውም። የሚቆጠረው በእጅና በባንክ ያለ ገንዘብ፣ ይከፈለኛል ብለው ተስፋ የሚያደርጉት የደንበኛ ዕዳ፣ እንዲሁም ለሽያጭ የደረደሩት ፍሬምና አልበም ነው። እቃው የሚተመነው በገዙበት ሳይሆን በዕለቱ በሚሸጥበት ዋጋ ነው። ድምሩ ኒሷብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበትን ዝቅተኛ መጠን) ከሞላና አንድ የጨረቃ ዓመት ከቆየ 2.5 በመቶ ይወጣል፤ ከ400,000 ብር 10,000 ብር ማለት ነው። ኒሷቡ በወርቅ 85 ግራም፣ በብር ማዕድን 595 ግራም ነው፤ የሁለቱ ዋጋ በጣም ስለተራራቀ የትኛውን እንደሚይዙ ዓሊም (የሃይማኖት ሊቅ) ይጠይቁ። ቀኑን በሒጅራ አቆጣጠር ይቁረጡ፣ ለምሳሌ ረመዳን 1። በመስከረም ወይም በሐምሌ የሒሳብ መዝጊያ የሚያሰላ ሰው በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚያዘገይ በ32 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት ዘካ ያልፈዋል። በነፃ የሚያነሱት ፎቶ ሶደቃ (በፈቃድ የሚሰጥ ምጽዋት) ነው፤ ዘካን አይተካም። ዘካ ለማን እንደሚሰጥ ሱረቱ አት-ተውባህ ቁጥር 60 ስምንቱን ወገኖች ዘርዝሯል።

ለቦሳ ቂቶው፦ የመጨረሻውን ቃል የንስሐ አባትዎ ይናገሩ፤ እኛ ስሌቱን እናሳይዎ። ለአንድ ሠርግ 30,000 ብር ተቀበሉ እንበል። አልበም 8,000፣ ረዳት 4,000፣ ትራንስፖርት 2,000 ብር ወጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ የካሜራው ማለቅ ግን ወጪ ነው። በ120,000 ብር የተገዛ፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ለ150,000 ፎቶ የተገመተ ካሜራ በአንድ ፎቶ 80 ሳንቲም ይበላል፤ 2,000 ፎቶ ካነሱ 1,600 ብር ነው። የሚተርፈው 14,400፣ አሥራቱ 1,440 ብር ይሆናል። ገንዘቡን በተቀበሉበት ዕለት ለይተው ያስቀምጡ። ወሩ ካለቀ በኋላ ከተረፈው ላይ ለመስጠት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተረፈ አያገኝም።

ጥያቄ (ከሂርማታ)፦ በረመዳን ለችግረኞች ማፍጠሪያ የምናከፋፍል ወጣቶች ነን። ለጋሾች ማስረጃ ስለሚፈልጉ ፎቶ እናነሳለን፤ ተቀባዮቹ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ብናደበዝዘው ይበቃል?

መልስ፦ ፊት ማዞር «አልፈልግም» ማለት ነው፤ መጀመሪያውኑ አታንሱ። ማደብዘዝ አይረዳም። በአንድ ሰፈር ውስጥ ሰው በሻርፑና በአቀማመጡ ይታወቃል፤ የተደበዘዘ ፊት ደግሞ ሰውየውን ተጠርጣሪ ያስመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27ም የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ ቁጥር 28 የዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ለችግረኛ ሰው ፊት መሸሸጊያ ልናደርጋቸው አይገባም። ፈቃድ ስትጠይቁም ሰውየው በሚሰማው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ በስልክ ገጹን አሳይታችሁ አስረዱ። ለልጅ የሚፈቅደው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው።

ለለጋሽ ከፊት ይልቅ ቁጥር ይታመናል። የዱቄቱን ጆንያ ኪሎው በሚነበብበት በኩል፣ የግዢውን ደረሰኝ፣ ሾርባው የሚቀዳበትን ድስት አንሱ። ሰው መኖር ካለበት ከተቀባዩ ጀርባ ቁሙ፤ በ35 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 2፣ ፎከሱን ተምሩን በምታቀብለው እጅ ላይ አድርጉ። ፍላሽ አታብሩ፤ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ያለው የቀረ ብርሃን ከአንድ አምፖል ጋር ይበቃል፣ የሾርባው እንፋሎትም ብርሃን ከኋላው ሲመታው ያምራል። ሱረቱል በቀራህ ቁጥር 271 ምጽዋትን በይፋ መስጠት መልካም ሆኖ መሸሸጉ እንደሚበልጥ ይናገራል፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 3ም ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ሁለቱም የወረዱት ካሜራ ከመሠራቱ በፊት ቢሆንም ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጉናል።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ማኅሌት ሳነሳ ካህናቱን እንዳልረብሽ ድምፅ አልባውን ሹተር ተጠቀምኩ። ፎቶዎቹ ላይ ጥቁር አግድም መስመሮች ወጡ። ካሜራው ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ድምፅ አልባው ሹተር ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ግማሹ ሲደምቅ፣ ግማሹ ሲደበዝዝ ይቀረጻል። 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ መስመር ሙሉ ዑደት ያገኛል። 1/125 ወይም 1/200 ካደረጉ መስመሩ ይመለሳል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ከተነሳ ግን ኸርዙ ስለሚዋዥቅ 1/100ም ላያድን ይችላል፤ ያኔ ድምፅ ወዳለው ሜካኒካል ሹተር ይመለሱ። ከበሮና ጸናጽል እያሰሙ ድምፁን ማንም አይሰማውም። በጧፍ ብርሃን ብቻ ከሆነ ይህ ችግር የለም፤ አይኤስኦ 3200፣ ኤፍ 1.8 ይሞክሩ፣ የብርሃኑን ወርቃማነትም ሙሉ በሙሉ አያጥፉት። ቅዳሴ ሲጀመር ካሜራውን አውርደው ያስቀድሱ።

ጥያቄ (ከጊንጆ)፦ የቡና ለቀማና የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶዎቼን ሸጬ ለተማሪዎች ዩኒፎርም ልገዛ ነው። «ገቢው ሙሉ በሙሉ ለተማሪዎች» ብዬ ልለጥፍ?

መልስ፦ ህትመቱንና ፍሬሙን ከራስዎ ኪስ ካልከፈሉ አይለጥፉ። «ከትርፉ» የሚለውም ገዢው ሊያሰላው ስለማይችል ይቅር። «ከእያንዳንዱ ፎቶ ዋጋ ይህን ያህል ብር» ብለው በፍሬሙ ሥር ይጻፉ። ገንዘቡ በእርስዎ የግል ሒሳብ አይግባ፤ ከተቻለ በቀጥታ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ፣ ካልሆነም ሁለት ሰው በሚፈርምበት። ባለ 24 ሜጋፒክስል ምስል እስከ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ጥራቱ ሳይቀንስ ይታተማል። ሲሰቅሉ የፎቶው መሐል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል፤ ግድግዳው እርጥበት ካለው በፍሬሙ አራት ማዕዘን ጀርባ ቡሽ ይለጥፉ፣ አየር ይግባ።

ጥያቄ (ከሰጦ ሰመሮ)፦ አሮጌ ካሜራዬንና ሌንሴን ለትምህርት ቤት የፎቶ ክበብ ልሰጥ ነው። ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር አየሁ። ይሰጣል?

መልስ፦ ሻጋታ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው የጅማ ዝናብ፣ በቆዳ ቦርሳ ውስጥ የተቆለፈ ሌንስ ዋና በሽታው ይህ ነው። ሳይጸዳ አይስጡ። ድሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ጠጋኝ ከፍቶ ሊያጸዳው ይችላል፤ የመስታወቱን ቅብ በልቶት ከሆነ ግን ምልክቱ አይለቅም፣ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል። ሌላው ሰው ዕዳ እንዳይሆንበት ከባትሪ፣ ከቻርጀርና ከሜሞሪ ካርድ ጋር አሟልተው ይስጡ። አብሮም ጎማ ያለው፣ አየር የማያስገባ 10 ሊትር የፕላስቲክ ዕቃ፣ 200 ግራም ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ ፍሬ) እና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይጨምሩ። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ማንበብ አለበት፤ ከ60 ሲያልፍ ሻጋታው ይነሳል፣ ከ35 በታች ሲወርድ የካሜራውና የሌንሱ ጎማ ይደርቃል። ብርቱካናማው ጄል ቀለሙን ሲለውጥ በ120 ዲግሪ ምድጃ ለ2 ሰዓት ይደርቃል። በጋለ ምጣድ ላይ ግን ይቃጠላልና ለክበቡ ኃላፊ ይህን አስቀድመው ይንገሩ።