መልስ፦ ወርቅ ሲደቅ ለምን ጠባዩ ይቀየራል?

ወንድሜ፣ «ፒያሳ ወርቅ ቤቶች የምናየው ወርቅ አይዝግም፣ ከምንም ጋር አይዋሃድም። ታዲያ ናኖ (እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) ሲሆን እንዴት ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን) ይሆናል?» ብለሃል። ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። እኔም አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ስማር እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነበር።

ቁልፉ ውጫዊው ገጽ ነው። ቀለበት ውስጥ ያሉት አተሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተቀብረዋል። 3 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ ሦስት እጅ) በሆነች ቅንጣት ግን ከሦስት አተም አንዱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ ውጭ ነው። ጠርዝ ላይ ያሉት ደግሞ ጎረቤት ስለሚጎድላቸው ሌላ ሞለኪውል ቶሎ ይይዛሉ። ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ይህን ነው፤ ብረት ኦክሳይድ ላይ የተበተነ ደቃቅ ወርቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል።

ቀለሙም ይቀየራል። ላብራቶሪ ውስጥ ፈዛዛ ቢጫውን የወርቅ ጨው (ወርቅ ያለበት ውህድ) በውሃ አፍልተን ሲትሬት (የሲትሪክ አሲድ ጨው) ስንጨምርበት፣ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ መሰለ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ!

ኤሌክትሪክ ለማስተላለፍ ደግሞ ሌላው ማዕድን፣ ብር፣ ይሻላል፣ ዋጋውም ከወርቅ ይረክሳል። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ደቃቅ የብር ቅንጣቶች ያሉበት የማተሚያ ቀለም ግን ከ200 ዲግሪ በታች ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይያያዙና ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ስለዚህ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ላይ ሰርኪዩት (ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መስመር) ማተም ይቻላል።