ሆዱ ውሃ ለቋጠረ የጉበት ሕመምተኛ የዘረመል ምርመራ ይቅደም ወይ?

እህቴ፣ ወንድምዎ በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ ተጎድቶ ሆዱ ውሃ እንደቋጠረ፣ አንድ ወኪልም የመከላከል አቅሙን የሚያሳይ የዘረመል ምርመራ ውጭ አገር አስልኬ ላሠራ እንዳላችሁ ጽፈው ገንዘቡን እንክፈል ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ምርመራ ለታላቅ ወንድሜ በ85 ሺህ ብር አሠርቻለሁ። ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበት በጠባሳ መሞላቱ፣ ምን እንደሆነ በማስረዳት ጊዜዎን አላባክንም፤ እስካሁን በቂ አይተዋል።

አንደኛ፣ የሚነገራችሁ ነገር ውሸት አይደለም፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ኖድ 2 የሚባለው ጂን የባክቴሪያን ቅጥር ስብርባሪ ለይቶ የመከላከያ ሴሎችን የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ይሠራል። ጉበት በጠባሳ ሲሞላ ከአንጀት የሚያመልጡ ባክቴሪያዎች ሆድ ውስጥ ወደተጠራቀመው ውሃ ይገባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ጀርመን ውስጥ የወጣ ጥናትም ይህ ጂን የተለወጠባቸው የሲሮሲስ ሕሙማን ውሃው አብልጦ እንደሚመረዝባቸውና የመሞት ዕድላቸውም ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ወኪሉ ይህንን አትሞ ሰጠኝ። ሳይነግረኝ ያለፈው ግን የሚፈለጉት ሦስት ለውጦች በአውሮፓውያን ዘንድ የሚታወቁ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን እጅግ ብርቅ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለው ውጤት ለእኛ ሰው የሚነግረው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ አስለክተን ነው ገንዘባችንን የከፈልነው።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ «ለውጥ አልተገኘም» ብሎ ሲመጣ እናታችን ወረቀቱን ከሥዕለ ማርያም ሥር አኖረችው፤ እኔም ወንድሜ ከኢንፌክሽን የተጠበቀ ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ በዘጠነኛው ዕለት ወንድሜ ቀን ቀን ይተኛ፣ ሌሊት ሌሊት ይነቃ ጀመር፤ ሆዱንም በመጠኑ አመመው፤ ትኩሳት ግን አልነበረውም። ሐኪሙ ከሆዱ ውሃ በመርፌ ቀድተን እንይ ሲሉ እምቢ አልኩ። ጎረቤት «ውሃው ከተነካ ሰው አይተርፍም» ብሎኝ ነበር፤ ወረቀቱም አደፋፈረኝ። ሁለት ቀን በዚህ አለፈ፤ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው። በሦስተኛው ቀን ስፈርም፣ ቀድሞ እንደ ጠጅ ቢጫ የነበረው ውሃ የሳህን እጣቢ መስሎ ወጣ።

ቱቦውን ይዤ ወደ ላቦራቶሪው የሮጥኩት እኔው ነኝ። በመስኮቱ የተቀመጠው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «የናሙና ሰዓት አልፏል፣ ነገ ጠዋት» አለኝ፤ ስለምነው ደግሞ ወረቀቱ ማኅተም የለውም አለ። አራት ፎቅ ወጥቼ፣ አስመትቼ፣ አራት ፎቅ ወርጄ መስኮቱን ዝግ አገኘሁት። በተፈጥሮዬ ድምፄን የማሰማ ሰው አይደለሁም፤ በዚያን ቀን ግን ኮሪደሩ እስኪሰማኝ ጮኬ አስከፈትኩት፤ በዚህም አላፍርም። እንዲህ ያለው ውሃ ሲያድር በውስጡ ያሉት ነጭ ሴሎች ስለሚፈርሱ ቁጥሩ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር 250 ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋ የነጭ ሴል ዓይነት) ሕክምና ለማስጀመር በቂ ሆኖ ሳለ የወንድሜ 1,400 ነበር።

ሦስተኛ የምለው በደም ሥር ስለሚሰጠው አልቡሚን ስለሚባል ፕሮቲን ነው። ከአንቲባዮቲኩ ጋር በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 1.5 ግራም፣ በሦስተኛው ቀን 1 ግራም ታዘዘለት፤ ለ60 ኪሎ ሰው 90 ግራም፣ ከዚያም 60 ግራም ማለት ነው። ለምን ይህን ያህል ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ስፔን ውስጥ በ126 ሕሙማን የተደረገውን ጥናት ነገሩኝ፦ አንቲባዮቲክ ብቻ ከተሰጣቸው 33 በመቶው ኩላሊታቸው ሲጎዳ፣ አልቡሚን ከተጨመረላቸው ግን 10 በመቶው ብቻ ነበሩ። ባለ 20 ግራሙን ጠርሙስ እየቆጠርኩ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞርኩት በብድር ገንዘብ ነው፤ የራሳችን 85 ሺህ ብር ከሥዕሉ ሥር ወረቀት ሆኖ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ወንድማችሁም ቫይረሱ ስለተገኘበት «በዘራችን ይሆን?» ብለዋል። እኛም ከአምስታችን ሦስታችን ተገኝቶብናል፤ ወኪሉም ለጂኑ ማስረጃ አድርጎ አቀረበልን። ነገሩ ግን በአብዛኛው በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ ወይም በሕፃንነት ከቤተሰብና ከሌሎች ልጆች የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። በአዋቂነት ከተያዘ ሰው ቫይረሱ የሚዘልቅበት ከመቶ አምስት የማይሞላው ሲሆን፣ ሲወለድ ከተያዘ ሕፃን ግን እስከ ዘጠና የሚደርሰው ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል፤ የሕፃኑ መከላከያ ገና ቫይረሱን ለይቶ አይዋጋውምና። ክትባቱ አገራችን ውስጥ ወደ መደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ሁሉ እርስዎን ጨምሮ ተመርመሩ። ከዘረመሉ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ማለት አይደለም።

ወንድሜ ዛሬ ቫይረሱን የሚገታውን መድኃኒት ቴኖፎቪርን በየቀኑ ይወስዳል፤ አንዴ የተመረዘ ውሃ መልሶ ስለሚመረዝም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ አዘውለታል። ቀበቶውን ባለፈው ፋሲካ በድሮው ቀዳዳ አስሮ አየሁት። እርስዎ ነገ ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ «የሆዱ ውሃ ነጭ ሴል መቼ ነው የተቆጠረው?» ብለው ይጠይቁ፤ ካልተቆጠረም ወረቀቱን አስቀድመው ማኅተም አስመትተው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መስኮቱ ጋ ይድረሱ።