ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ጣቴን ይቆርጡኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ የምተዳደር የ38 ዓመት ሴት ነኝ። የቀኝ አመልካች ጣቴ ጥፍሩ ጥግ ላይ አብጦ መግል ቋጥሯል፤ ሌሊት ይጠዘጥዘኛል። ሎሚ ውስጥ ከተትኩት፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ አስሬበት አደርኩ፣ የቴትራሳይክሊን ዱቄትም ነሰነስኩበት። ሳምንት ሆነኝ። አንዲት ጎረቤቴ እንዲሁ ጀምሯት ጣቷ ተቆርጧል። ቤት ውስጥ የሚያድን ነገር ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፍር ጥግ ላይ የቋጠረ መግል በጊዜ ከወጣ ጣት አያስቆርጥም። የጎረቤትዎን ሁኔታ ባላውቅም፣ እዚያ የሚደርሱት በአብዛኛው ስኳር ያለባቸው ወይም በጣም የዘገዩ ናቸው። እርስዎም ከዚህ በላይ አይዘግዩ።

ነጭ ሽንኩርቱን በተመለከተ ብዙ ሰው ስለሚያደርገው ላስረዳ። ጭማቂው ተህዋስያንን እንደሚገድል በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ነው። የእርስዎ መግል ያለው ከቆዳው ሥር ነው፤ ሽንኩርቱ እዚያ አይደርስም። የሚያገኘው ቆዳውን ነው፤ ቆዳውን ደግሞ ያቃጥለዋል። ሌሊቱን ታስሮ ካደረ ጠዋት ሲፈቱት ቆዳው ነጥቶ፣ ውሃ ቋጥሮ ወይም ተልጦ ሊያገኙት ይችላሉ። ያኔ «መግሉን ሳበው» ይባላል። ምንም አልሳበም፤ በቁስሉ ላይ ቃጠሎ ጨመረ እንጂ። ማቃጠሉ «እየሠራ ነው» ተብሎም ጨርቁ ይጠብቃል፤ ያበጠ ጣት በክር ሲጠብቅ ደም አጥቶ ይጠቁራል። ጣትዎን ከሚያሰጉት ነገሮች አንዱ ይህ ማሰሪያ ነው። ዛሬውኑ ይፍቱት። ሎሚውም ያንገበግባል እንጂ መግል አያወጣም።

ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ግን እባካችሁ ይብቃ! እኛ በየቀኑ እንናገራለን፣ ሰው በየቀኑ ይነሰንሳል። የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ቁስሉ ላይ ደርቆ ቅርፊት ከመሆን ውጭ መግሉ ጋ አይደርስም።

ቤት ውስጥ የሚጠቅመው ለብ ያለ ውሃ ነው፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍና በደንብ ማድረቅ። ይህ የሚጠቅመው ግን መግል ሳይቋጥር፣ ገና መቅላት ሲጀምር ነው። እርስዎ ዘንድ መግሉ ቋጥሯል፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በማደንዘዣ መርፌ አደንዝዘው ትንሽ ከፍተው ያወጡልዎታል፤ መግሉ እንደወጣ ጥዝጣዜው ይቀላል። ብዙ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት እንኳ አያስፈልግም። በመርፌ ወይም በምላጭ ራስዎ እንዳይበሱት፤ መግሉን ወደ ውስጥ ሊገፉት ይችላሉ።

ጣቱ በሙሉ አብጦ ታጥፎ ከቀረና ሊያቀኑት ሲሉ ክፉኛ ካመመዎት፣ ቀይ መስመር ወደ ክንድዎ ከወጣ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለዎት ግን ነገን አይጠብቁ፤ በዚህች ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ። ጣት የሚታጠፍበት ጅማት መግል ከያዘ በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው።

ሥራው እንጀራዎ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ጣትዎ እስኪደርቅ ሊጡን ሌላ ሰው ያቡካ፤ መግል ውስጥ ያለው ተህዋስ ምግብ ሊመርዝ ይችላል፣ ለእርስዎም ጣቱ ሁልጊዜ ከራሰ አይድንም። ስኳርዎን ተለክተው የማያውቁ ከሆነ ደግሞ እዚያው ጤና ጣቢያ ይለኩ።